እርሾ ሲርበው ምን ያደርጋል? ሦስት ቀን ውሃ ብቻ ጠጥተው ስለመጡት አባት



ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከምትልኩልኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ አንድ ዓይነት ናቸው። «ዶክተር፣ 72 ሰዓት ውሃ ብቻ ከጠጣን ሴሎቻችን ራሳቸውን ያጸዳሉ የሚባለው እውነት ነው?» «የኖቤል ሽልማት አግኝቷል እኮ፤ ሐኪሞች ለምን ትደብቁናላችሁ?» በሁለት መስመር መልሼ ልተወው ነበር። ከዚያ አንድ ታካሚ መጡና ሐሳቤን ቀየርኩ። የዛሬው ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉ።

ታሪኩን የምጽፈው በታካሚው ፈቃድ ነው። ስማቸውንና እሳቸውን ሊያስለዩ የሚችሉ ነገሮችን አውጥቻለሁ።

ዕድሜያቸው ስድሳን ያለፈ ሸማኔ ናቸው፤ ተወልደው ያደጉት ዶርዜ ነው። አንድ ማታ ልጃቸው ከደጋው በመኪና ይዟቸው አርባ ምንጭ ወረደ። ድንገተኛ ክፍል ሲደርሱ ላብ አጥምቋቸዋል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ልጃቸውን በሌላ ሰው ስም ይጠሩታል። ጣታቸውን ወግተን ስንለካ ስኳራቸው 34 ነበር። ከ70 በታች ዝቅተኛ ነው፤ 34 ማለት ደግሞ አንጎል ነዳጅ እየጨረሰ ነው ማለት ነው። በደም ሥራቸው ግሉኮስ ሰጠን። ብዙም ሳይቆዩ ዓይናቸውን ገልጠው «የት ነው ያለሁት?» አሉ።

ልጁ ግድግዳውን ተደግፎ አንድ ነገር ብቻ ይደጋግም ነበር፦ «ቪዲዮውን የላክሁላቸው እኔ ነኝ ዶክተር። ስኳርን ከሥሩ ይነቅላል ስላለ ነው።»

አባት ስኳር ከተገኘባቸው ገና 8 ወራቸው ነው። ጠዋት ጠዋት ግሊቤንክላሚድ የሚባለውን ኪኒን ይወስዳሉ። ሦስቱን ቀን ምግብ ትተው ውሃ ብቻ ጠጡ፤ ኪኒናቸውን ግን አላቋረጡም። «ሐኪም መድኃኒት አታቋርጥ ብሎኛል» ብለው። ልብ በሉ፣ ሰውዬው ቸልተኛ አይደሉም። የተነገራቸውን ሁሉ በታማኝነት የፈጸሙ ሰው ናቸው።

በማግስቱ ነቃ ብለው አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ፦ «ልጄ፣ እኔ እኮ ዕድሜዬን ሙሉ ጾሜያለሁ። ዘንድሮ ምን ተገኘ?»

ባለቤታቸው በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ ይዘው መጥተው አጠገባቸው ተቀምጠዋል። ቆጮውን አየሁና መልሱን ከዚያው ጀመርኩ። ለእናንተም ከዚያው ልጀምር።

የማይታየው ሠራተኛ

እንሰት ተፍቆ ጉድጓድ ውስጥ ሲቀበር ሥራውን የሚሠሩት ባክቴሪያና እርሾ ናቸው። የእንጀራችንን ሊጥ የሚያቦኩት፣ ቦርዴንና ጠላን የሚጠነስሱትም እነዚሁ ናቸው። እናቶቻችን «እርሾ» የሚሉት ከቦካው ሊጥ ላይ ቀርቶ ለሚቀጥለው የሚቀመጠውን ነው። ሳይንሱ ግን «እርሾ» ሲል እዚያ ውስጥ ያለችውን አንዲት ሴል ማለቱ ነው። የፈንገስ ዓይነት ናት፤ በዓይን አትታይም፤ አንድ ሴል ብቻ ሆና ሙሉ ኑሮ ትኖራለች።

ከሱቅ የምንገዛው የዳቦ እርሾ የሳይንስ ስሙ ሳካሮማይሲስ ሰርቪሲዬ ይባላል። ስኳርና ሌላው ምግብ ከተሟላላት ይህች ሴል በ90 ደቂቃ ገደማ ሁለት ትሆናለች። ጎኗ ላይ ትንሽ እምቡጥ ታወጣለች፣ እምቡጡ ያድጋል፣ ከዚያ ይላቀቃል። እናትና ልጅ ሆኑ ማለት ነው። ምግቡ ደካማ ከሆነ ግን ይኸው ሥራ ብዙ ሰዓታት ይፈጃል። ምግብ ጨርሶ ካለቀ ደግሞ መከፈሏን ታቆማለች።

ማቆሟ መሞቷ አይደለም። ይህንን ቤታችሁ ሞክሩት። ደረቅ የዳቦ እርሾ ግዙ። በአንዱ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃና አንድ ማንኪያ ስኳር፣ በሌላው ለብ ያለ ውሃ ብቻ አድርጉና እርሾውን ነስንሱበት። ጥቂት ቆይታችሁ እዩ። ስኳር ያለበት አረፋ ደፍቆ ይነሳል፤ ሌላው ብዙም አይንቀሳቀስም። ያ ደረቅ ዱቄት የሚመስል ነገር በፓኬት ታሽጎ ወራት የቆየ ሕይወት ነው። ተኝቶ ነበር፤ ምግብ ሲያገኝ ነቃ።

ታዲያ አንጎል የሌላት፣ ዓይን የሌላት አንዲት ሴል «ምግብ አልቋል፣ ልቁም» ብላ እንዴት ታውቃለች?

ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የወጣችሁ መንገዱን ታውቁታላችሁ። ዳገት ነው፣ ጠመዝማዛ ነው። ጥሩ ሾፌር ነዳጁን የሚያየው ገና መናኸሪያ ቆሞ ሳለ ነው። ዳገቱ መሐል ላይ ነዳጅ ቢያልቅ ወደኋላ መመለሱም ወደፊት መሄዱም አደጋ ነው።

እርሾም እንደዚያ ናት። ሌላንድ ሃርትዌል የሚባለው አሜሪካዊ ሳይንቲስት የዳቦ እርሾን ሲያጠና እያንዳንዷ ሴል ለመከፈል ከመነሳቷ በፊት የምትቆምበት አንድ ቦታ እንዳለ አገኘ። «መነሻ» ብሎ ሰየመው። እዚያ ላይ ሴሏ ሁለት ነገር ታያለች፦ መጠኔ በቂ ነው? ምግብ አለ? ሁለቱም ከተሟሉ ትነሳለች። አንዴ ከተነሳች ደግሞ መሐል ላይ ምግብ ቢቀንስ እንኳ የጀመረችውን ክፍፍል ጨርሳ ነው የምትቆመው። ካልተሟሉ እዚያው መናኸሪያው ላይ ትጠብቃለች።

ሃርትዌል ለዚህ ሥራው የ2001ን የሕክምና ኖቤል ከሁለት እንግሊዛውያን፣ ከፖል ነርስና ከቲም ሃንት ጋር ተካፈለ። ነርስ የተጠቀመበት የእርሾ ዓይነት ስሙ ደስ ይላል፦ ስኪዞሳካሮማይሲስ ፖምቤ። «ፖምቤ» በስዋሂሊ ጠላ ማለት ነው። በ1893 ስሙ የወጣለት ከምሥራቅ አፍሪካ የማሽላ ዘር ጠላ ውስጥ ስለተገኘ ነው። የቦርዴያችን ጎረቤት ኖቤል ድረስ ሄዷል ማለት ነው።

ከሩቅ ደሴት አፈር የመጣው ቁልፍ

«ምግብ አለ ወይስ የለም?» የሚለውን መልእክት ለሴሏ የሚያደርሰው ማነው? ታሪኩ ከአፈር ይጀምራል።

በ1964 ካናዳውያን ተመራማሪዎች ራፓ ኑይ ወደምትባል፣ በፓስፊክ ውቅያኖስ መሐል ወዳለች ደሴት ሄዱ። ካመጡት አፈር ውስጥ አንድ ባክቴሪያ ተገኘ፤ ባክቴሪያው ደግሞ እርሾን ከማደግ የሚያስቆም ንጥረ ነገር ያመርታል። በደሴቲቱ ስም «ራፓማይሲን» ተባለ።

በ1991 ስዊዘርላንድ ባዝል ውስጥ ማይክል ሆል፣ ጆሴፍ ሃይትማንና ራኦ ሞቫ አንድ ጥያቄ ጠየቁ፦ ይህ መድኃኒት እርሾን የሚያቆመው ምኗን ይዞ ነው? የማይበግራቸውን እርሾዎች ለይተው ሲመረምሩ አንድ ጂን አገኙ። ስሙን «ቶር» አሉት፤ «የራፓማይሲን ዒላማ» ለማለት ነው።

ቶርን እንደ አንድ ቤት ቆጣሪ አስቡት። ጓዳው ሲሞላ፣ በተለይ የፕሮቲን መሥሪያ የሆኑት አሚኖ አሲዶች ሲኖሩ፣ ይበራል። ሲበራ ሴሏ ትገነባለች፤ ፕሮቲን ትሠራለች፣ ትወፍራለች፣ ወደ መነሻው ትጠጋለች። ጓዳው ሲራቆት ይጠፋል። ሲጠፋ ግንባታው ይቆማል፣ ቁጠባ ይጀመራል። ራፓማይሲን የሚያደርገው ጓዳው ሞልቶ ሳለ ቆጣሪውን ማጥፋት ነው። ሴሏ ጠግባ ሳለ «ተርቤያለሁ» ብላ ትቆማለች።

ብዙም ሳይቆይ ይኸው ቶር በእኛም ሴሎች ውስጥ ተገኘ። ከእርሾ ጋር ከተለያየን ከአንድ ቢሊዮን ዓመት በላይ ሆኖን እንኳ ቆጣሪውን አልቀየርነውም። ራፓማይሲን ዛሬ ሲሮሊመስ በሚል ስም የሕክምና መድኃኒት ነው። በ1999 በአሜሪካ የጸደቀው የተተከለ ኩላሊትን ሰውነት እንዳይጥለው ለመከላከል ነበር፤ የሚያጠቁት የመከላከያ ሴሎች እንዳይባዙ ስለሚያቆም። ስለዚህ «ዕድሜ ያረዝማል» ብሎ ከኢንተርኔት አይቶ የሚገዛው ሰው ካለ ይህን ይወቅ፦ የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት ነው። ያለ ሐኪም አይነካም።

ኖቤሉ በትክክል ለምን ተሰጠ?

አሁን ወደ ቪዲዮው። እውነት ነው፣ በ2016 ጃፓናዊው ዮሺኖሪ ኦሱሚ ኖቤል ተሸልሟል። ግን ለምን?

ኦሱሚ እርሾን አስራበ። በእርሾ ሴል ውስጥ ያረጀውን የሚያፈጭ አንድ ከረጢት አለ። እሱ የመረጣቸው እርሾዎች ማፍጫ ኢንዛይማቸው የጎደላቸው ነበሩ። ሲያስርባቸው በሰዓታት ውስጥ ከረጢቱ በትናንሽ ኳሶች ተሞላ፤ በተራ ማይክሮስኮፕ ይታያሉ። ሴሏ ከራሷ አካል ቁራጭ እየቆረጠች፣ እየጠቀለለች፣ እንድታፈጨው ወደ ከረጢቱ እየላከች ነበር። ማፍጫው ስለሌለ ተከማቸ፤ ስለተከማቸ ታየ። ሥራው በ1992 ታተመ፤ ቀጥሎም ይህን የሚያዝዙትን ጂኖች ለየ። ሂደቱ «አውቶፋጂ» ይባላል፤ ራስን መብላት ማለት ነው።

የቸገረው ቤት አሮጌውን ዕቃ ፈታቶ ለማገዶ እንደሚያውለው ማለት ነው። ይህን ማድረግ የማትችል እርሾ ስትራብ ቶሎ ትሞታለች። በሰውም ውስጥ ይህ ሂደት አለ፤ ያረጀ የሴል ዕቃን ያስወግዳል፣ በርግጥም ለጤና አስፈላጊ ነው። ደግሞም ሳንጾምም ቢሆን በየቀኑ በሴሎቻችን ውስጥ ይካሄዳል።

ነገር ግን ኦሱሚ «72 ሰዓት ውሃ ጠጡ» አላለም። ኖቤሉ የተሰጠው ሴል እንዴት እንደምትቆጥብ ስላሳየ ነው። ጾም ስኳርን ከሥሩ ይነቅላል፣ ካንሰርን ይፈውሳል የሚል ነገር በሽልማቱ ውስጥ የለም። እውነተኛ ግኝት ወስዶ ያልተባለ ነገር መቀጠል፣ ይህ ነው የቪዲዮው ስህተት።

ረሃብን የማትሰማ ሴል

ለእኔ ከሁሉ የሚገርመኝ የሚከተለው ነው፤ የሸማኔው አባት ጥያቄ መልስም እዚህ ላይ ነው።

በእርሾ ውስጥ የስኳር መኖርን የሚያበስር ሌላ መስመር አለ። ከቁልፎቹ አንዱ «ራስ» የሚባል ጂን ነው (ከእኛ «ራስ» ጋር በስም ብቻ ነው የሚገናኙት)። ሳይንቲስቶች ይህ ጂን ሁልጊዜ በርቶ እንዲቀር የተቀየረችን እርሾ አጠኑ። ምግብ ሳለ ችግር የለባትም። ምግብ ሲያልቅ ግን «ጥጋብ ነው!» የሚለው መልእክት አይቆምም። ስለዚህ አታርፍም፣ መጠባበቂያ አታስቀምጥም፣ ለክፉ ቀን አትዘጋጅም። ጤነኛዎቹ እርሾዎች ተኝተው ረሃቡን ሲያልፉ እሷ ትሞታለች።

እርሾዋን ረሃቡ ብቻ አልገደላትም፤ ተርባ ሳለ «ጠግበሻል» መባሏም አለበት።

ይህን ስነግራቸው አባባ ዝም ብለው አዳመጡ። ከዚያ ወደ ኪኒናቸው አመለከትኩ።

ሰውነታችን ውስጥ «ጥጋብ ነው» የሚለውን መልእክት ለሴሎች ሁሉ የሚያውጀው ኢንሱሊን ነው። ስንበላ ይወጣል፤ ጉበት ስኳርን እንዲያከማች፣ ጡንቻና ስብ ስኳርን እንዲያስገቡ ያዝዛል፤ ያንኑ ቶርንም ያበራል። ስንጾም ደግሞ ኢንሱሊን ይቀንሳል። ያኔ ጉበት ጎተራውን ከፍቶ ስኳር ወደ ደም ይለቃል፤ ጎተራው እየሳሳ ሲሄድ ስብ ይቀልጣል። አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲጾሙ ምንም ያልሆኑት ለዚህ ነው። ሰውነታቸው ረሃቡን ይሰማና ራሱን ያስተካክል ነበር።

ግሊቤንክላሚድ ግን ቆሽትን ኢንሱሊን እንዲያወጣ የሚገፋ ኪኒን ነው። በሉም አልበሉም ይገፋል። ከምግብ ጋር ሲወሰድ ጥሩ መድኃኒት ነው። ያለ ምግብ ሲወሰድ ግን ሰውነት እንደዚያች እርሾ ይሆናል፤ ጓዳው ባዶ ነው፣ አዋጁ ግን «ጥጋብ ነው» ይላል። ጉበት ጎተራውን መክፈት ሲገባው ይዘጋል። ደም ውስጥ ያለችው ጥቂት ስኳርም ወደ ጡንቻ ትገባለች። አንጎል ባዶውን ይቀራል።

አባባ ቆጮአቸውን ቆርሰው ትንሽ አሰቡና፦ «እርሾዋ እንኳ ሲርባት ታርፋለች። እኔ ግን እያስራብኩት ሥራ ጨመርኩበት ማለት ነው» አሉ።

ከዚህ በላይ አላብራራም። ልጁም የዚያን ቀን ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ያየኝ።

ታዲያ ጾም መጥፎ ነው?

አይደለም! ይህን ጽሑፍ «ዶክተሩ አትጹሙ አለ» ብላችሁ እንዳትጠቅሱት። ጤነኛ አዋቂ ሰው እምነቱ በሚያዝዘው መንገድ ቢጾም ሰውነቱ ይህን ለመሸከም የተሠራ ነው። እርሾዋ የምታሳየንም ይህንኑ ነው፤ መቆምና መቆጠብ የሕይወት አንድ ክፍል ነው። ክብደት መቀነስ ያለባቸው፣ ዓይነት 2 ስኳር ያለባቸው አንዳንድ ሰዎችም በሐኪም ክትትል የምግብ ሰዓትና መጠን ሲያስተካክሉ ይጠቀማሉ።

ቁም ነገሩ ግን «በሐኪም ክትትል» የሚለው ላይ ነው። ከመጾማችሁ በፊት ሐኪም ማማከር ያለባችሁ፦

1. ኢንሱሊን የምትወጉ። መጠኑም ሰዓቱም መስተካከል አለበት። በራሳችሁ ፈጽሞ እንዳታቆሙት፤ በተለይ ዓይነት 1 ስኳር ያለበት ሰው ኢንሱሊን ካቆመ በጥቂት ቀናት፣ አንዳንዴም በሰዓታት ውስጥ ለሕይወት አስጊ ሁኔታ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

2. ግሊቤንክላሚድ፣ ግሊሜፒራይድ ወይም የዚሁ ቤተሰብ ኪኒን የምትወስዱ። ሜትፎርሚን ብቻ የምትወስዱ ስኳራችሁ በጣም የመውረዱ ዕድል አነስተኛ ነው፤ ቢሆንም ጠይቁ።

3. ኩላሊታችሁ የታመመ። ኪኒኑ ከሰውነት ቶሎ ስለማይወጣ ስኳር የመውረዱ አደጋ ይጨምራል።

4. ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች፣ ክብደታቸው እየቀነሰ ያለ አረጋውያን፣ እንዲሁም በካንሰር ሕክምና ላይ ያላችሁ።

ካንሰርን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ስለምትጠይቁኝ። «ካንሰርን አስርቦ መግደል» የሚለው አባባል ጆሮ ይገባል። ነገር ግን ያ ራስ የተባለው ጂን ዘመዶቹ በእኛም ውስጥ አሉ፤ በብዙ የሰው ካንሰሮች ውስጥ ተበላሽተው፣ በርተው ቀርተው ነው የሚገኙት። የካንሰር ሴል ዋና ጠባዩ «ቁሚ» ሲባል አለመስማቱ ነው። ታካሚው ራሱን ሲያስርብ መጀመሪያ የሚታዘዘው ጤነኛው ጡንቻ ነው። ጾምን ከሕክምና ጋር አድርገው የሚያጠኑ ተመራማሪዎች አሉ፤ ጾም ብቻውን ካንሰርን እንደሚፈውስ ግን አልተረጋገጠም። ሕክምና ላይ ያለ ሰው ክብደት ሲያጣ ሕክምናውን የመቋቋም አቅሙም ይቀንሳል። እባካችሁ ይህን አትሞክሩት።

ስኳር ሲወርድ እቤት ምን እናድርግ?

ምልክቶቹ፦ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ድንገተኛ ረሃብ፣ ብዥታ፣ ያለ ምክንያት መቆጣት ወይም መዘባረቅ። «ሰክሯል» ብላችሁ እንዳታልፉት።

ሰውየው ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውሃ በጥብጣችሁ አጠጡት። መለኪያ ካላችሁ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ለኩ፤ አሁንም ከ70 በታች ከሆነ ድገሙት። ሲሻለው ምግብ ይብላ። ጾም ላይ ቢሆንም ያኔውኑ ይፍታ፤ ይህ ጊዜ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አትስጡ፤ ወደ ሳንባው ገብቶ ሊያንቀው ይችላል። በጎኑ አስተኝታችሁ ፈጥናችሁ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ኪኒን የሚወስድ ሰው ቢነቃም «ተሻለው» ብላችሁ እቤት አታስቀሩት። መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ ስኳሩ ከሰዓታት በኋላ እንደገና ሊወርድ ይችላል። አባባን ነቅተው ቡና እየጠየቁን እንኳ አሳድረን የተከታተልናቸው ለዚህ ነው።

ስኳሩ ሞልቶ ፕሮቲኑ ሲጎድል

ከመሰናበቴ በፊት፣ እርሾዋ ስለ ልጆቻችንም የምትነግረን ነገር አለ።

ለእርሾ ስኳር ሞልታችሁ ናይትሮጅን ብትከለክሏት፣ ማለትም የፕሮቲን መሥሪያውን ብትነሷት፣ አትከፈልም። ነዳጁ አለ፣ ጡቡ ግን የለም። ቶር ጠፍቶ ሴሏ መናኸሪያው ላይ ትቆማለች።

ወደ ጨንቻና ዶርዜ ስወጣ እናቶች ከሚነግሩኝ አንዱ ይህ ነው፦ «ዶክተር፣ ልጄ ይበላል፣ ይጠግባል፤ ግን አያድግም።» ምን እንደሚበላ ስጠይቅ ጠዋት ቆጮ፣ ማታ ቆጮ ነው። ቆጮ ድንቅ ምግብ ነው። በድርቅ ጊዜ ሕዝብ ያተረፈ ነው። ኃይል ይሰጣል፤ ፕሮቲኑ ግን በጣም ጥቂት ነው። ቆላው ላይም በሙዝና በበቆሎ ገንፎ ብቻ የሚያድግ ልጅ ችግሩ ተመሳሳይ ነው።

በ2016 በማላዊ ገጠር ከ300 በላይ ሕፃናት ላይ በታተመ ጥናት፣ የቀነጨሩት ልጆች ደም ውስጥ ሰውነት ራሱ መሥራት የማይችላቸው አሚኖ አሲዶች ካልቀነጨሩት ያነሱ ሆነው ተገኝተዋል። ተመራማሪዎቹ ጣታቸውን ወደዚያው ወደ ቶር ጠቁመዋል። የመቀንጨር ምክንያት ግን ይህ ብቻ አይደለም። ተደጋጋሚ ተቅማጥ፣ ንጹሕ ያልሆነ ውሃ፣ የእናት በእርግዝና መጎዳትም አሉበት። በአገራችን በ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ ልጆች 38 በመቶው፣ በ2019ኙ ደግሞ 37 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። ከሦስት ልጅ አንዱ በላይ ማለት ነው።

ስለዚህ ቆጮውን አትጣሉት፣ ጎኑን ሙሉለት። ልጁ 6 ወር ሲሞላው የጡት ወተቱን ሳታቋርጡ ተጨማሪ ምግብ ጀምሩ፤ ማጥባቱን እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ቀጥሉ። የባቄላ፣ የአተር፣ የሽምብራ ወይም የቦሎቄ ክክና ዱቄት ገንፎው ውስጥ ይግባ። ከተገኘ እንቁላል፣ ወተት፣ አይብ። አርባ ምንጭ ያላችሁ ደግሞ ዓባያና ጫሞ ደጃችሁ ናቸው፤ ዓሣውን እሾሁን በደንብ ለቅማችሁ አድቅቃችሁ ስጡ። ሽፈራውም (ሀለኮ) ከጓሮ ይቀነጠሳል። ጾም ላይ ያለ ቤተሰብም የትንሹን ልጅ ድስት ለይቶ ይሥራ።

አዋቂ ሰው ለጊዜው መቆም ይችላል። ሕፃን ግን መናኸሪያ ላይ የሚያስቆመው ጊዜ የለውም፤ የመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት አንዴ ካለፉ መልሶ ማግኘት ከባድ ነው።

አባባ አሁን ደህና ናቸው። መድኃኒታቸው ተቀይሮላቸዋል፣ ክትትላቸውን አላቋረጡም፣ ሽመናቸው ላይ ናቸው። ልጁ ስልኩ ላይ የነበረውን ቪዲዮ አጥፍቶታል። ግን ቪዲዮውን ለአሥራ አንድ ሰው ልኮ ነበርና ለአሥራ አንዱም ደውሎ ነገራቸው። ከእነሱ ሁለቱ የስኳር ኪኒን የሚወስዱ ሰው ቤታቸው አለ።

እናንተም የስኳር መድኃኒት የሚወስድ አባት፣ እናት ወይም ጎረቤት ካላችሁ ዛሬውኑ ደውሉና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ «የምትወስዱት ኪኒን ስሙ ማነው? ሳትበሉ ትወስዱታላችሁ?» ጽሑፉንም ሼር አድርጉላቸው። ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ በተቻለኝ ሁሉ እመልሳለሁ።